የራዲዮ ጫጫታ ከየት ይመጣል?

ለጎልማሳ ተማሪዎች በራዲዮ የተሰጠ ትምህርት፤ ለንባብ እንዲመች በጽሑፍ የቀረበ

   

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ራዲዮ ጫጫታ ነው። ዜና ልትሰሙ ራዲዮ ትከፍታላችሁ። ድምፁ ጥርት ብሎ ይጀምራል። ወዲያው «ሽ...» ይላል። «ጠ ጠ ጠ» ይላል። ተናጋሪው ምን እንዳለ አይለይም። ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? አንዱ ራዲዮውን በመዳፉ ይመታዋል። አንዱ «አለቀ» ብሎ አዲስ ባትሪ ድንጋይ ይገዛል። አንዱ ተናዶ ይዘጋዋል። ሦስቱም የከሰሱት ራዲዮውን ነው። እኔ ግን ዛሬ ለራዲዮው ጠበቃ ሆኜ ቀርቤአለሁ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የራዲዮው አይደለም። የሚጮኸው ሌላ ነው። ያን ሌላ ነገር ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ይቻላል።

ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታያል። ትንሽ ግን አይደለም። ለምን እንደሆነ በጎረቤቴ ታሪክ ልጀምር።

1. አንድ የክረምት ማታ

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የማስተምረው ወረታ አጠገብ ነው። ጎረቤቴን «አያ» እያልሁ እጠራቸዋለሁ። ቤታቸው ከጉማራ ወንዝ ብዙም አይርቅም።

የፎገራን ሜዳ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መሬቱ እንደ መዳፍ የተዘረጋ ነው። በስተምዕራብ ጣና አለ። በመካከሉ ርብና ጉማራ ይፈሳሉ። ሁለቱም የሚነሡት ከጉና ተራራ ነው። ስለዚህ የፎገራ ጎርፍ አታላይ ነው። በወረታ ሰማዩ ጠርቶ ኮከብ ሲታይ ጉና ላይ ዶፍ ሊወርድ ይችላል። የጉና ዝናብ በሌሊት ወርዶ ሜዳውን ይሞላዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የመጣው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። ያን ጊዜ የነበራችሁ አትረሱትም።

እንግዲህ ዓይን ጉናን አያይም። ጆሮ ግን ሊሰማው ይችላል። በምን? በራዲዮ። በላይ በኩል ከባድ ዝናብ እንዳለ ራዲዮ ቀድሞ ሊነግረን ይችላል።

አንድ ነሐሴ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ አያ ራዲዮአቸውን ከፈቱ። ተናጋሪው ስለ ዝናብና ስለ ወንዝ ዳር ሰዎች ይናገር ነበር። ራዲዮው ግን «ሽ...» አለ። አያ ማዞሪያውን ወዲያና ወዲህ አሉት። አልሆነም። «እንግዲህ ድንጋዩን ከምጨርስ» ብለው ዘጉት፤ ተኙ። ሌሊት ውኃው ደጃፋቸው ደረሰ። ልጆቹን ቆጥ ላይ አወጡ። ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን ነው። ነገር ግን በረት ያለችውን ጥጃና ሁለት በጎች ውኃው ወሰዳቸው።

በሳምንቱ አገኘኋቸው። «የኔ ልጅ፣» አሉኝ፣ «ራዲዮኑ እኮ ነግሮኝ ነበር። የነገረኝን ነው ያልሰማሁት።»

ይህ ቃል ከልቤ አልወጣም። አብረን ገብተን ራዲዮውን መረመርነው። ያገኘነውን ነገር ቆይቼ እነግራችኋለሁ። አስቀድሞ ግን ራዲዮ እንዴት እንደሚሰማ እንወቅ።

2. ራዲዮ እንዴት ይሰማል?

ጣና ዳር ቆማችሁ ድንጋይ ወርውራችሁ ታውቃላችሁ? ድንጋዩ የወደቀበት ውኃ ክብ ክብ እየሠራ ወደ ዳር ይሄዳል። ይህ ሞገድ ይባላል። የራዲዮ ጣቢያም እንደዚሁ ሞገድ ይልካል። ልዩነቱ የራዲዮ ሞገድ በዓይን አይታይም። ውኃ ወይም አየር አያስፈልገውም። ፍጥነቱም እንደ ብርሃን ነው። በአንድ ሰኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከባሕር ዳር ወረታ ለመድረስ የዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አይፈጅበትም።

ድምፃችን በሞገዱ ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ጭነቱ በሁለት ዓይነት ይጫናል። በመካከለኛ ሞገድና በአጭር ሞገድ ጣቢያዎች ሞገዱ እንደ ድምፁ ከፍና ዝቅ ይላል። በኤፍ ኤም ጣቢያዎች ግን የሞገዱ ከፍታ እንዳለ ይቆያል። የሚለወጠው የርግብግቢቱ ፍጥነት ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ በኋላ ይጠቅመናል።

አሁን አንድ ድንጋይ ወርውራችሁ ሞገዱን ስታዩ፣ አንድ ልጅ አጠገባችሁ መጥቶ ሌላ ድንጋይ ጣለ እንበል። ምን ይሆናል? ሁለቱ ሞገዶች ይደባለቃሉ። የቱ የናንተ፣ የቱ የልጁ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። የራዲዮ ጫጫታም ይኸው ነው። ከጣቢያው በሚመጣው ሞገድ ላይ ሌላ ሞገድ ሲደባለቅ ጫጫታ ይሆናል።

ያ ሌላ ሞገድ ከየት መጣ? እዚህ ላይ አንድ ታሪክ አለ። ሄንሪክ ኸርዝ የሚባል የጀርመን ሊቅ በ1880 ዓ.ም. ገደማ የራዲዮ ሞገድን በሙከራ አሳየ። የተጠቀመበት መሣሪያ ምን ነበር? የኤሌክትሪክ ብልጭታ። በአንድ በኩል ብልጭታ ሲፈጥር፣ ራቅ ብሎ በተቀመጠ ሽቦ ላይ ሌላ ትንሽ ብልጭታ ታየ። ቀጥሎ የተሠሩት ራዲዮ መላኪያዎችም በብልጭታ የሚሠሩ ነበሩ።

ከዚህ የምንማረው ይህን ነው። የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሁሉ ትንሽ ራዲዮ ጣቢያ ነው። መብረቅ ትልቅ ብልጭታ ነው። በሞተር ካንዴላ ውስጥ ብልጭታ አለ። የላላ የኤሌክትሪክ ሽቦ ብልጭ ይላል። ዛሬ ደግሞ ብልጭታ ሳይታይባቸው ኤሌክትሪክን በሰኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚያበሩና የሚያጠፉ ዕቃዎች በየቤታችን ገብተዋል። የስልክ ቻርጀር እንዲህ ነው። ብዙ የሶላር መብራትም እንዲህ ነው። እነዚህም በራሳቸው ቋንቋ ያወራሉ። ቋንቋቸው ለእኛ ጫጫታ ነው።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ብሔራዊ ዘመቻ ሲጀመር ብዙ እናቶችና አባቶች ፊደል የቆጠሩት በኩራዝ ብርሃን ነበር። ኩራዝ ዓይን ያጨሳል እንጂ ራዲዮ አያስጮህም። ዛሬ መብራታችን በዝቷል። መብራቱ ሲበዛ የራዲዮ ጫጫታም በዛ። መፍትሔው ወደ ኩራዝ መመለስ አይደለም። መፍትሔው ሁለቱን ማስታረቅ ነው።

3. ጫጫታውን በድምፁ ለዩት

ከብት የሚያረባ ሰው የላሟን ድምፅ ሰምቶ ተርባ ይሁን ጥጃዋን ፈልጋ ይለያል። የራዲዮ ጫጫታም እንዲሁ በድምፁ ይለያል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ጠር!... ጠር ጠር!» አልፎ አልፎ፣ ያለ ሥርዓት የሚመጣ ከሆነ መብረቅ ነው። መብረቁ ቅርብ ላይሆን ይችላል። በመካከለኛ ሞገድ ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የመጣ መብረቅ ይሰማል። በክረምት የሚበዛው ለዚህ ነው።

«ጠ ጠ ጠ ጠ» እያለ፣ ሞተር ሲፈጥን አብሮ የሚፈጥን ከሆነ የካንዴላ ብልጭታ ነው። ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክል፣ ወይም ከወንዝ ውኃ የሚስብ የቤንዚን ሞተር ሊሆን ይችላል። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን በካንዴላ ብልጭታ ስለማያቀጣጥል እንዲህ አይጮህም።

«ዝዝዝ» እያለ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም ከሆነ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር የተያያዘ ነው። የወፍጮ ሞተር፣ የብየዳ ቤት፣ ወይም በምሰሶ ላይ የላላ ሽቦ ሊሆን ይችላል።

«ሽ...» እያለ የማያቋርጥ፣ ማዞሪያውን ስታዞሩ ከጣቢያ ጣቢያ እየተከተለ የሚመጣ ከሆነ ቻርጀር፣ መብራት ወይም የዲሽ ሪሲቨር ጠርጥሩ።

«ድድ ድድ ድድ» ብሎ ወዲያው ስልክ የሚጠራ ከሆነ፣ ጥፋተኛው ስልካችሁ ራሱ ነው። ከራዲዮው አርቁት።

ሁለት ሰዎች በአንድ ላይ የሚያወሩ ወይም ፉጨት የሚሰማ ከሆነ ሁለት ጣቢያዎች ተደባልቀዋል። ይህ በሌሊት ይብሳል። ምክንያቱም በሌሊት የመካከለኛ ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ በከፍተኛው የአየር ክፍል ተመልሶ፣ ሩቅ አገር ይወርዳል። ቀን የማይሰማ የጎረቤት አገር ጣቢያ ማታ መጥቶ ከኛው ጋር ይጋፋል።

ሆን ተብሎ የሚደረግ ጫጫታም አለ። መንግሥታት የማይፈልጉትን ጣቢያ በሌላ ሞገድ ሲያፍኑ በብዙ አገር ታይቷል። በአገራችንም በመጋቢት 2002 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ መለስ ዜናዊ፣ ችሎታው መኖሩ ከተረጋገጠላቸው የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ስርጭት እንዲታፈን እንደሚያዝዙ ለጋዜጠኞች ተናግረው ነበር። እንዲህ ያለው ጫጫታ ምልክት አለው። አንዱ ጣቢያ ላይ ብቻ ይጮሃል፤ ከዚያ ቦታ ትንሽ ሲያዞሩት ፀጥ ይላል። ራዲዮውን ከቤት ቢያወጡትም አይቀንስም። ይህን እኛ በቤታችን አናበጀውም። የቤታችንን ጫጫታ ግን እኛው እናበጀዋለን።

4. ጫጫታውን ፈልጉት

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አምስት ፈተናዎች አሉ። አንድ ሕግ ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ሁለት ነገር አብራችሁ ከለወጣችሁ የቱ እንደጠቀመ አታውቁም። ወጥ ሲሠራ ጨውና በርበሬ አንድ ላይ ጨምሮ ጣዕሙ ቢበላሽ የትኛው እንደበዛ ይታወቃል? አይታወቅም። ይህም እንዲሁ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና፦ ራዲዮውን ራሱን እዩት። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ድምፁ ይቀንሳል፤ ይጎረንናል። ይህ ጫጫታ አይደለም፤ ድካም ነው። የድንጋዩ ማስቀመጫ ዝጎ ከሆነ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ድምፅ ማሳደጊያውን ስትነኩት ብቻ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ቁልፉ አቧራ ገብቶበታል።

ሁለተኛው ፈተና፦ ራዲዮውን በድንጋይ እንዲሠራ አድርጋችሁ ከቤት አውጡት። ሃምሳ እርምጃ ያህል ራቁ። ጫጫታው ከቀነሰ ጥፋተኛው ቤት ውስጥ ወይም አጠገቡ ነው። ካልቀነሰ ከውጭ ነው፤ ምናልባት ምሰሶ፣ ወፍጮ ወይም መብረቅ። ይህ ፈተና ግማሹን ሥራ ይጨርሰዋል።

ሦስተኛው ፈተና፦ ቤት ውስጥ ያለውን አንድ በአንድ አጥፉ። ራዲዮው በድንጋይ እየሠራ ይቀመጥ። አንድ ሰው ያዳምጥ፤ ሌላው ያጥፋ። ቻርጀሩን ንቀሉ። ልብ በሉ፤ ስልክ ባይሰካበትም ሶኬት ላይ ያለ ቻርጀር ሊጮህ ይችላል። መብራቱን አጥፉ። ቴሌቪዥኑንና ሪሲቨሩን ንቀሉ። ጫጫታው ድንገት ሲቆም «ያዝኩት!» ትላላችሁ። እርግጠኛ ለመሆን መልሳችሁ አብሩት። ተመልሶ ከጮኸ እሱ ነው።

አራተኛው ፈተና፦ ራዲዮውን አዙሩት። በራዲዮው ሆድ ውስጥ ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር ዘንግ አለ። የመካከለኛ ሞገድ አንቴና እሱ ነው። ወደ ውጭ የሚሳበው አንቴና ለኤፍ ኤምና ለአጭር ሞገድ ነው። ጥቁሩ ዘንግ በጎኑ በኩል የሚመጣውን ሞገድ በደንብ ይሰማል። በጫፉ በኩል የሚመጣውን ግን እምብዛም አይሰማም። ስለዚህ ራዲዮውን እንደቆመ ቀስ እያላችሁ እንደ ወፍጮ መጅ ሳይሆን እንደ ሰዓት ዘንግ አዙሩት። አንድ ቦታ ላይ ጫጫታው ይቀንሳል። እዚያ ላይ ተዉት። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል።

ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ጫጫታው በጣም ሲቀንስ የዘንጉ ጫፍ ወደ ጥፋተኛው ያመለክታል። በየትኛው ጫፍ እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። ስለዚህ ወደ ሌላ ቦታ ሂዱና እንደገና አዙሩ። በወረቀት ላይ ሁለቱን አቅጣጫዎች በመስመር ሣሉ። መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጥፋተኛውን ፈልጉ። በተለይ የምሰሶ ጫጫታ የሚገኘው እንዲህ ነው።

አምስተኛው ፈተና፦ ጻፉ። አዎ፣ ጻፉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የድምፁን ዓይነት፣ በዚያ ሰዓት ምን እየሠራ እንደነበር በደብተራችሁ ላይ አስፍሩ። እንዲህ፦

ሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል። «ዝዝዝ» ይላል። ወፍጮ ቤቱ ተከፍቷል።
ሰኞ፣ ቀን 6 ሰዓት ተኩል። ፀጥ ብሏል። ወፍጮ ቤቱ ለምሳ ተዘግቷል።
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል። «ዝዝዝ» ይላል። ወፍጮ ቤቱ ተከፍቷል።
ረቡዕ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል። ፀጥ ብሏል። መብራት ጠፍቷል፤ ወፍጮው አይሠራም።

አያችሁ? አራት መስመር ጽሑፍ ጥፋተኛውን ይዞ አቀረበው። «ሁልጊዜ ይጮሃል» የሚል ሰው ምንም አላወቀም። «በዚህ ሰዓት ይጮሃል፤ በዚህ ሰዓት ዝም ይላል» የሚል ሰው ግን አውቋል። በበጋ ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ የሚጮህ፣ ዝናብ ሲያርሰው የሚተው ጫጫታ ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምሰሶ ዕቃ ላልቷል ማለት ነው።

5. ካገኛችሁት በኋላ

መብራት ወይም ቻርጀር ከሆነ አራርቋቸው። ጫጫታ ቅርብ ላይ ኃይለኛ ነው፤ ጥቂት እርምጃ ሲርቅ ቶሎ ይደክማል። ለዜና ሰዓት ለአጭር ጊዜ ማጥፋትም ይቻላል። የራዲዮውንና የመብራቱን ሽቦ አንድ ላይ አታጠላልፉ።

የውኃ ሞተር ወይም ባጃጅ ከሆነ ባለቤቱን አነጋግሩት። «ወንድሜ፣ ራዲዮ ከለከልከን» ብሎ መጣላት አይጠቅምም። ጫጫታ የሚቀንስ ካንዴላ አለ፤ መካኒክ ይጠይቅ።

ምሰሶ ከሆነ አትንኩት። ምሰሶ አትውጡ፤ ሽቦ አትጎትቱ፤ በዱላም አትምቱ። የላላ ሽቦ ራዲዮ ከማስጮህ አልፎ ሰው ይገድላል፤ ቤት ያቃጥላል። የጻፋችሁትን ይዛችሁ ወደ መብራት ኃይል ሂዱ። «በዚህ ምሰሶ፣ በዚህ ሰዓት» ብላችሁ በጽሑፍ ስታቀርቡ የሚላከው ሠራተኛ የት እንደሚሄድ ያውቃል።

መብረቅ ከሆነ ኤፍ ኤም ሞክሩ። ቅድም ልዩነቱን ያዙልኝ ብዬ ነበር። መብረቅና ብልጭታ የሞገዱን ከፍታ ያናውጣሉ። በመካከለኛ ሞገድ ድምፁ የተጫነው በከፍታው ላይ ስለሆነ አብሮ ይበላሻል። ኤፍ ኤም ግን ከፍታውን አይቆጥርም፤ ስለዚህ ይበልጥ ጥርት ይላል። ጉድለቱ ሩቅ አይሄድም። ተራራ ሲጋርደው ይቀራል። መብረቁ ቅርብ ሲሆን ደግሞ ከቤት ውጭ የተዘረጋ የሽቦ አንቴና ካላችሁ አትንኩት። ዝናቡ ሳይመጣ ከራዲዮው አስቀድማችሁ ለዩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰዎች ራዲዮ ሲጮህ አንቴና ያረዝማሉ። ሁልጊዜ አይጠቅምም። መላኪያ ማማ አጠገብ ከሆናችሁ አንዱ ጣቢያ በማይገባው ቦታ ሁሉ ይሰማል። ራዲዮው ጠግቦ ተጨናንቋል ማለት ነው። ያን ጊዜ አንቴናውን አሳጥሩት።

6. ይህ ነገር የፖሊስንና የአምቡላንስን ራዲዮም ይነካል

ጫጫታ የድሀ ራዲዮ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዓለም ትልልቅ ከተሞች የፖሊስ፣ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ ሠራተኞች በእጅ ራዲዮ ይነጋገራሉ። ተናጋሪው ብዙ ነው፤ የሞገድ መንገዱ ግን ጥቂት ነው። ታዲያ እንዴት ይበቃቸዋል?

የመናኸሪያን ተራ አስከባሪ አስቡ። ተሳፋሪ ሁሉ የራሱ መኪና የለውም። ተራ አስከባሪው «አንተ በዚህ ግባ፤ አንቺ በዚያ ግቢ» እያለ ባዶ የሆነውን መኪና ይሰጣል። በእነዚያ ራዲዮዎችም አንዱ የሞገድ መንገድ ተራ አስከባሪ ነው። መናገር የሚፈልገውን ሁሉ ባዶ ወደሆነው መንገድ ይመራዋል። ብልህ ሥራ ነው። ነገር ግን ተራ አስከባሪው በጫጫታ ካልተሰማ ምን ይሆናል? መኪናዎቹ ባዶ ቆመው ተሳፋሪው ይጉላላል። ስለዚህ በእነዚህ ራዲዮዎች ላይ ችግር ሲመጣ ባለሙያዎች ከሁሉ አስቀድመው የተራ አስከባሪውን መንገድ ይመረምራሉ።

በአሜሪካ አገር ይህ ደርሷል። የእጅ ስልክ ማማዎች ከፖሊስና ከእሳት አደጋ ራዲዮ ጋር በተጠጋጋ ሞገድ ይሠሩ ነበር። አጠገብ ያለው የስልክ ማማ ጮክ ሲል ከሩቅ የሚመጣው የፖሊስ ድምፅ ተዋጠ። በጆሯችሁ ስር ሰው ሲጮህ ከማዶ የሚጠራችሁን ትሰማላችሁ? አትሰሙም። በ1996 ዓ.ም. ክረምት የዚያ አገር የመገናኛ ኮሚሽን ሁለቱ በሞገድ እንዲራራቁ ወሰነ። ሥራው ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ፈጀ። መፍትሔው ግን ያው ነበር፤ የሚጮኸውን ከሚሰማው ማራቅ።

7. የአያ ራዲዮ ምን ሆኖ ነበር?

አሁን ወደ አያ ቤት እንመለስ።

እኔና አያ ራዲዮውን ይዘን ወደ ሜዳው ወጣን። እንደ ውኃ ጠርቶ ሰማን። አያ ተገረሙ። «ይኸ የኔ ራዲዮን ነው?» አሉ። ተመልሰን ገባን። «ሽ...» አለ። እንግዲህ ጥፋተኛው ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ውስጥ ምን አለ? መስመር ኤሌክትሪክ አልገባም። ቻርጀር የለም። ጠረጴዛው ላይ ግን፣ ከራዲዮው አጠገብ፣ አንድ የሶላር መብራት ነበር። አያ የገዙት ልጆቹ ማታ እንዲያጠኑበትና እሳቸውም ፊደል እንዲቆጥሩበት ነው።

«አያ፣ እስቲ መብራቱን ያጥፉት» አልሁ። አጠፉት። ጫጫታው ቆመ። አበሩት። ጮኸ። ሁለታችንም ዝም አልን። ለንባብ የተገዛው መብራት የራዲዮውን አፍ ዘግቶ ነበር።

አያ በመጀመሪያ «ልጣለው እንዴ?» አሉኝ። «አይጣሉት» አልኋቸው። ራዲዮውን ከጠረጴዛው አንሥተን ከበሩ አጠገብ፣ አምስት እርምጃ ያህል ርቆ፣ ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ቀስ አድርገን አዞርነው። መብራቱ እየበራ ራዲዮው ጥርት ብሎ ተናገረ። ሥራው ሁሉ የአንድ ስኒ ቡና ጊዜ አልፈጀም። ምንም አልገዛንም።

ጥጃዋ ግን አልተመለሰችም። እኔንም የሚቆጨኝ ይኸው ነው። ጎረቤታቸው ሆኜ ይህን አስቀድሜ ብነግራቸው ኖሮ ያን ማታ ይሰሙ ነበር። ለዚህ ነው ዛሬ ለናንተ የምነግረው።

ስለዚህ አደራ እላችኋለሁ። ክረምቱ ሳይገባ ራዲዮአችሁን ፈትኑ። ዝናቡ ከመጣ በኋላ አይደለም። በናበጋም በሽናም፣ በርብም በጉማራም ዳር ያላችሁ፣ ይህን ያላነበበ ጎረቤት ካላችሁ አንብቡለት። ራዲዮ የሌለው ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ የሰማችሁትን በዚያው ማታ ንገሩት። እስከሚቀጥለው ትምህርት ደኅና ሰንብቱ።

ለመለማመጃ

አዲስ ቃላት፤ እየነጣጠላችሁ አንብቡ፦
ሞ-ገ-ድ። በውኃ ላይ ወይም በአየር እየተርገበገበ የሚሄድ ነገር።
ብ-ል-ጭ-ታ። ድንገት ታይቶ የሚጠፋ የኤሌክትሪክ ወይም የእሳት ብርሃን።
አን-ቴ-ና። ሞገድን የሚቀበል ሽቦ ወይም ዘንግ።
ካን-ዴ-ላ። በቤንዚን ሞተር ውስጥ ብልጭታ የሚሰጥ ዕቃ።

ጥያቄዎች፦
1. የፎገራ ጎርፍ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ሊመጣ የሚችለው ለምንድን ነው?
2. ራዲዮውን ከቤት ስታወጡት ጫጫታው ከቀነሰ ጥፋተኛው የት ነው?
3. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ለምን ያስፈልጋል?
4. የላላ የምሰሶ ሽቦ ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? ምንስ አታደርጉም?
5. ዛሬ ማታ ራዲዮአችሁን ክፈቱ። የሰማችሁትን ጫጫታ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምራችሁ በሁለት መስመር ጻፉ።